የኤርጎጌ ሱቅ በዱባለ ስም

ኤርጎጌ በስደት አገሯ፣ ዛንድስፕሩት የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ስትከፍት ዱባለን አታውቀውም ነበር። ወንድሟ ታዬ ወደ ደርባን ሲሄድ ባዶ መደርደሪያና የተበላሸ ፍሪጅ ትቶላት ሄደ። በዕቁብ ገንዘብ ዕቃ ሞላችበት። ተዘረፈች፤ መልሳ ከፈተች። እንደገና ተዘረፈች፤ እንደገና ከፈተች። የሰፈሩ ሰው ሐበሻ ባለሱቅን ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» እያለ ነው የሚጠራው። እሷን ግን ስሟን አሳጥረው «ጎጌ» አሏት።

ከዱባለ ጋር ያገናኟት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱም የሆሳዕና ልጆች ናቸው፤ እሱም አጎራባቹ ሰፈር ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ የራሱ ሱቅ ነበረው። ከሠርጉ በኋላ የምእመናኑን የግብር ጉዳይ የሚሠራው ጌዴዎን ቢሮው ጠራቸውና የኤርጎጌን ሱቅ ወደ ዱባለ ስም አዛወረው። «ሁለት ነበራችሁ፤ አሁን አንድ ናችሁ» አለ። ማንም አልተቃወመም። ኤርጎጌም አልተቃወመችም። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የተጋቡት ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ሚስት ከንጋት እስከ ምሽት ሱቋ ውስጥ ትውላለች፤ መንግሥት የሚያውቀው ግን ባሏን ብቻ ነው።

በኮሮናው ዓመት መጋቢት ውስጥ ዱባለ አባቱን ሊቀብር ሆሳዕና ሄደ። እዚያው እንዳለ አውሮፕላን ቆመ። ኮዝሞ ሲቲ ያለው ሱቁ ሰው ስላልነበረበት ተዘግቶ ቀረ። ቤቱ በኤርጎጌ ሱቅ ብቻ መተዳደር ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ያለ ፈቃድ መሸጥ ተከለከለ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ተቆጣጣሪ ከፖሊስ ጋር ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ኤርጎጌ ዘንድ ደረሰች።

«ሱቁ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እዚህ ያለው የዱባለ ስም ነው።»

«ባሌ ነው።»

«እንግዲያው የሱ ነው። ጥሪው።»

«ኢትዮጵያ ነው ያለው። አየር መንገዱ ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ሱቁም ተዘግቷል።»

ዳቦ ሊገዙ ከተሰለፉት መሐል አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጎጌ ይህን ሱቅ ስትከፍት እኔ እዚሁ ነበርኩ። ዱባለ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«እማማ፣ ርቀትሽን ጠብቂ» አለች ተቆጣጣሪዋ። ፖሊሱ የብረት መዝጊያውን አወረደው።

ኤርጎጌ በማግስቱ ጌዴዎን ቤት ሄደች። በኮሮና ምክንያት አላስገባትም፤ በግቢው በር ብረት መሐል ተነጋገሩ።

«በኔ ስም የግብር ከፋይ ቁጥር አውጣልኝ፤ ያለሱ የሱቁን ፈቃድ አይሰጡኝም» አለችው።

«እህት ኤርጎጌ፣ አንቺ እኮ ሥራ የለሽም።»

«ምን አልክ?»

«በወረቀቱ ማለቴ ነው። በየዓመቱ የዱባለን ገቢ ስናስታውቅ ባለቤቱ የቤት እመቤት ናት፣ ገቢ የላትም ብለናል። አሁን ተነስተሽ ባለሱቅ ነኝ ብትዪ ምን ይሉሻል?»

«በዚህ አገር ባልና ሚስት አብረው ነው የሚያስታውቁት?»

ጌዴዎን ማስኩን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «አብሮ የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሁሉም የየራሱን ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሥራዬ ነው እንጂ፣ እንዴት አላውቅም።»

«እና?»

«እና እኛ አማኞች ነን።»

ኤርጎጌ ወደ በሩ ብረት ጠጋ አለች። «ለየብቻ ብናስታውቅ ኖሮ ግብሩ ይበዛብን ነበር?»

«ያንስ ነበር» አለ ጌዴዎን ቀስ ብሎ። እያንዳንዱ ሰው ግብር የማይነካው የገቢ መጠን አለው፤ የሁለት ሰው ገቢ በአንድ ሰው ላይ ሲከመር ግን የእሷ ከግብር ነፃ ድርሻ በከንቱ ይቀራል፣ የሱም ገቢ ከፍ ወዳለ ተመን ይወጣል። ይህን ሁሉ በደንብ አድርጎ አስረዳት። ምእመናኑን ከሠርግ በኋላ ቢሮው ሲጠራቸው ግን ነግሯቸው አያውቅም።

እሷን ሰርዘው አትርፈው ቢሆን፣ ስስት ነው ይባል ነበር። ሰርዘዋትም ከስረዋል።

ጌዴዎን ያለ ባሏ ቃል እንደማይሠራላት ነገራት። ማታ ዱባለ ጋ ደወለች።

«ኤርጎ፣ ሰው ምን ይላል?» አላት። «የራሷን ቁጥር ያወጣች ሴት ባሏን ልትፈታ ነው ይባላል።»

«ሱቁ ተዘግቷል፣ ዱባለ። ወተቱ እየተበላሸ ነው።»

«በረራ ሲጀመር እመጣለሁ። እስከዚያ ጋሽ ለገሠን አናግሪያቸው።»

አናግሪያቸው የተባሉት ጋሽ ለገሠ፣ ያጋቧቸው ሽማግሌ፣ ራሳቸው ቀድመው ደወሉ።

«ልጄ፣ ከባልሽ ልትለዪ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ከግብሩ ነው የምለየው፣ ጋሽዬ።»

«ግብርን ከትዳር ምን አገናኘው?»

«እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌው ለጸሎት እንደሚይዙት ነግረዋት ስልኩን ዘጉ።

ኤርጎጌ ማንንም አልጠበቀችም። በስደተኛነት ወረቀቷ፣ በገዛ ስልኳ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ጀመረች። መስመሩ እየተቋረጠባት፣ ፎቶው አይነበብም እየተባለች ደጋገመች። በመጨረሻ ቁጥሩ መጣላት። በቁጥሩም ፈቃዱን አገኘች። መዝጊያውን ከፍ ስታደርግ ውስጡ ገምቶ ነበር። ወተቱን ደፍታ፣ ወለሉን በበረኪና አጥባ መሸጥ ቀጠለች። ቤተ ክርስቲያኑ አምልኮውን በስልክ ሲያደርግ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ ትዳሯ እንዲጠበቅ ስሟ ተጠርቶ ተጸለየላት። ሱቋ በተዘጋበት ጊዜ የጸለየላት አልነበረም።

ዱባለ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ተመለሰ። አልተጣሉም። በሚቀጥለው ወር ግብር ለማስታወቅ ሁለቱም ጌዴዎን ቢሮ አብረው ሄዱ። የዱባለ ቶሎ አለቀ። የኤርጎጌ ላይ ጌዴዎን የኮምፒውተሩን ቅጽ ሲሞላ፣ ሥራው የተጀመረበትን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2020 ብሎ ጻፈ።

«2013 ነው» አለች ኤርጎጌ። «ከሠርጉ በፊት።»

«ከዱባለ ጋር ይጋጫል። እነዚያ ዓመታት በሱ ስም ነው ያሉት። ለማረም እሱ ራሱ የሌላ ሰው ገቢ የራሴ ነው ብዬ አስታውቄያለሁ ማለት አለበት።»

«ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?» አለ ዱባለ።

«ተቆጣጣሪዋ የማን ነው ስትለኝ የእኔ አልኳት። በሰፈር ሰው ፊት ውሸታም የሆንኩት እኔ ነኝ።»

«አሁን ተከፍቶልሽ የለም እንዴ? ያለፈውን ምን ያደርግልሻል?»

«የሠራሁት እኔ ነኛ።»

ጌዴዎን እንደ ልማዱ ዱባለን አየ።

«እሱን ምን ታየዋለህ? ጻፈው» አለች ኤርጎጌ።

«እህቴ፣ ይጋጫል አልኩሽ እኮ።»

«ይጋጭ።»

ጌዴዎን እጁን አላንቀሳቀሰም። ኤርጎጌ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች። ዱባለ ተነስቶ ወጣ። እሷ 2013 ብላ ጽፋ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።