የአባ ጭነቴ ዱዓ

እንድሪስ ሙሄዲን ኮምቦልቻ ላይ ጆንያ ሲሰፋ ኖሮ ጸጉሩ ሸበተ። በስሙ የምትጠራው ግን ሚስቱ ዘሀራ ብቻ ናት። ለቀረው ሰው አባ ጭነቴ ነው።

ስሙን ያገኘው በቀበሌው የኪነት ቡድን ቴአትር ከሚጫወተው ተሸካሚ ነው። በቴአትሩ አንድ ጀግና ምንጭ የዘጋ ዘንዶ ሊገድል ሰባት በር አልፎ ይሄዳል፤ አባ ጭነቴ ስንቁን ተሸክሞ እያጉረመረመ ይከተለዋል። ጀግናው መልከ መልካም ነው፣ ጎራዴ አለው፣ ይፎክራል። ማን ከቁብ ቆጥሮት! ሰዉ የሚመጣው ለተሸካሚው ነው። በየበሩ ጭነቱን አውርዶ ዱዓ ሲያደርግ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን!» ይላል።

በ1971 ቴአትሩ ደሴ እንዲታይ ታዘዘ። ካድሬው ጓድ ጀላል ልምምዱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው፤ በዱዓ ያደገ። አሁን ዱዓ አድኃሪ ሆነበት።

«አንተ፣ ይሄን ታወጣዋለህ። በየበሩ ‹ወደፊት!› ትላለህ። እንቢ ካልክ የማስገባህን ቦታ አውቃለሁ።»

አንተ! የአባቱን እኩያ! የእንድሪስ ደም ፈላ። ዘሀራን አሰበና ዋጥ አደረገው።

በትርዒቱ ዕለት በመጀመሪያው በር ጭነቱን አውርዶ «ወደፊት!» አለ። ዝናው ቀድሞት ደሴ ደርሷል፤ ሰዉ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው በር አንዲት ሴት ከመሀል ተነሥታ ጮኸች።

«አባ ጭነቴ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ እጃችንን ባዶ አይመልሱት!»

ያን ጊዜ ንዴቱ ገነፈለ። በካድሬው ብቻ አይደለም፣ በገዛ አፉም ተናደደ። መዳፉን ዘረጋ።

«ታላቁን ከሚያዋርድ ይጠብቀን!»

«አሚን!»

«አፋችንን ከሚነጥቀን ይሰውረን!»

«አሚን!» አዳራሹ ተናጋ። ከፊት ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ወጣ። ጓድ ጀላል ነበር፤ መዳፉ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ያደገበት ነገር አምልጦት ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ሹማምንት ዞረው አዩት።

በማግስቱ የታሰረው እንድሪስ ነው። ያ ሁሉ ሰው አሚን ብሎ፣ የታሰረው አንድ ሰው! ጓድ ጀላል ጠረጴዛውን እየደበደበ ጮኸበት።

«ምንድን ነው ያልከው? ቃል በቃል ድገመው!»

እንድሪስ ቀና ብሎ አየው።

«እርስዎ አሚን ያሉበትን ነዋ!»