ሐውልቱን አትጠይቂ

መተማ ዮሐንስ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከመኪና ሲወርድ የሚጠይቀው አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ቦታና ሐውልቱን ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ሙቀቱን ይረግማል፣ የላስቲክ ውሃ ይገዛና በመጣበት ይመለሳል። ከዚያ ጎንደር ገብቶ «መተማን አየሁ» ይላል። ምኑን አየ? እኔ ኢሳ በዚች ከተማ ስኳርና ሳሙና ስሸጥ ጸጉሬ ነጥቷል። መተማን በወጉ ማሳየት የምትችል ሰው ግን አንዲት ብቻ አውቃለሁ፤ ከሱቄ ጀርባ የምትኖረው ዘሀቢያ ናት። እሷም ያሳየችው ለቱሪስት አይደለም። አገሩን አይታ ለማታውቅ ለገዛ ልጇ ነው፤ ያውም በስልክ።

ዘሀቢያ በልጅነቷ ድንበር ተሻግራ ካርቱም ገባች፤ ሻይ እየሸጠች ኖረች። እዚያው አገባች፣ እዚያው ኢሕሳንን ወለደች፣ ባሏን ኡመይርንም እዚያው ቀበረች። እናቷ ሲታመሙ ልታስታምም ወደ መተማ መጣች፤ ኢሕሳን ትምህርት ላይ ስለነበረች ቀረች። እናትየዋ አርፈው፣ ሐዘኑ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ ሆኑ።

ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። በሰፈራችን ኔትወርክ ደህና የሚይዘው እኔ ደጃፍ ላይ ነውና ዘሀቢያ በሬን ተደግፋ ነበር የምትደውለው። አንድ ቀን ግን ኢሕሳን ራሷ ደወለች። ከሰዎች ጋር ሆና ከካርቱም ልትወጣ ነው።

«እማ፣ መተማ ብደርስ እንዴት አገኝሻለሁ?» ስትል እኔም ሰማሁ።

ሌላ እናት ብትሆን ታለቅስ ነበር። ዘሀቢያ ግን ረጋ ብላ መንገዱን ነገረቻት።

«ስሚኝ ልጄ። ድልድዩን ስትሻገሪ ደላላ ይከብሻል፤ ‹ሰው ይጠብቀኛል› በይና እለፊ። ሰው ሁሉ ሐውልቱን ይጠይቃል፤ አንች ሐውልቱን አትጠይቂ፣ እንግዳ መሆንሽን ያውቁብሻል። የሰሊጥ መጋዘኖቹን በቀኝ ትተሽ ሂጅ። አትሩጭ፣ ሙቀቱ ይጥልሻል። የፉል ሽታ ሲመጣልሽ ወደ ሽታው ታጠፊ። የስመኝ ቤት ነው፤ የዘሀቢያ ነኝ በያትና ብይ። ከዚያ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ሥሩ ዚር ተቀምጧል፤ የመንገደኛ ውሃ ነው፣ ከጋኑ ቀድተሽ ጠጭ። ፊት ለፊቱ መኪና ገጭቶ ያጎበጠው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ታያለሽ። ባለቤቱ ቁጡ ነው፤ ቢጮህብሽ አትደንግጭ። አፉ ነው እንጂ ሆዱ ንጹሕ ነው። ከሱ ጀርባ እኔ አለሁ።»

«ድገሚልኝ» አለቻት ኢሕሳን። ደገመችላት። ልጅቱም በተራዋ እያለችው ሳለ መስመሩ ተቋረጠ።

«እኔን ነው ቁጡ የምትይው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ይኸው፣ ጮህክ እኮ!» ብላ ሳቀች። ዘሀቢያ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያ ስልክ አልጠራም። ኢሕሳን ትኑር ትሙት የሚያውቅ ጠፋ። ዘሀቢያ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሚሻገረውን ሱዳናዊ ሁሉ ትጠይቃለች፤ ከዚያ በተረፈ ሥራዋ ከተማዋን መጠበቅ ሆነ። ስመኝ ፉል ቤቷን ወደ አስፋልቱ ላዛውር ብትል እግሯ ላይ ወድቃ አስቀረቻት። ስመኝ ጎጃሜ ናት፣ ባሏ ያላሸነፋት ግትር፤ ለዚች ግን ተሸነፈች። የኒሙን ዛፍ ለመብራት ሽቦ ብለው ሊቆርጡት ሲመጡ ዘሀቢያ ግንዱን አቅፋ አልለቅም አለች፤ ቅርንጫፍ ብቻ መልምለው ሄዱ። ዚሩን በየማለዳው ትሞላለች። በመጨረሻ የኔ ተራ ደረሰ።

ለኢድ በሬን ሰማያዊ ልቀባ ቀለም ገዝቼ መጣሁ። ገና ክዳኑን ስከፍት ከኋላዬ ደረሰች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የገዛ በሬ ነው! ልቀባው ነዋ!»

«አረንጓዴ ብያታለሁ።»

«ዘሀቢያ፣ ይኸ በር በዝገት አለቀ። ሰው ይስቅብኛል። አንች በስልክ ላወራሽው እኔ ምን አገባኝ?»

«ኢሳ፣ አረንጓዴ ብያታለሁ እኮ።»

ብትጮህ ኖሮ መልስ አላጣላትም ነበር። አልጮኸችም፤ እጇን ጎባጣው ቆርቆሮ ላይ አድርጋ ቆመች። እየተነጫነጭኩ ቀለሙን መደርደሪያ ሥር ወረወርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በሆዴ ልጅቱ ሞታለች ብዬ ነበር። ጎረቤቱም እንደዚያው። ማንም ግን ደፍሮ አልነገራትም።

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ ከተማዋ በደጋ ሠራተኛ ተጨናንቃ ባጃጅ እንኳ መተላለፊያ ባጣበት ጊዜ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ በሬ ላይ ቆመች። ጸሐዩ ከኋላዋ ስለነበር ፊቷ አይታይም። አንድ ደንበኛ አናዶኝ ነበርና «ምን ይገትርሻል እዚህ?» ብዬ ጮህኩባት።

ልጅቱ አልደነገጠችም። እንዲያውም ደስ አላት። ፈገግ ብላ፣ ቃሉን እየሰባበረች፣ በአማርኛ «ባለቤቱ ቁጡ ነው፤ ቢጮህብሽ አትደንግጭ» አለችኝ።

የያዝኩት ሳሙና ከእጄ ወደቀ። «ኢሕሳን ነሽ?» አልኳት። አልገባትም። በአረብኛ ስጠይቃት ስሟ ዋሲላ ነው፤ ሱዳናዊት ናት፣ ከዚህ ሌላ አማርኛ አታውቅም። መንገዱን ከነትርጉሙ እንደ ዱዓ በቃሏ ይዛዋለች። ደላሎቹን «አንች ሐውልቱን አትጠይቂ» ብትላቸው ስቀው አሳልፈዋታል። ስመኝ ግን አልሳቀችም፤ ፉሉን እሳት ላይ ጥላ፣ እያለቀሰች ከኋላዋ ተከትላ መጥታለች።

ዘሀቢያ ከጓሮ ሆና የራሷን ቃል ሰማች። በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች፤ «ኢሕሳኔ!» ብላ ልጅቱን ከኋላዋ አቀፈቻት። ወዲያው ክንዷ ላላ። አዙራ አየቻት።

«እሷ አይደለሽም» አለች።

ዋሲላ ነገረቻት። ኢሕሳን ገዳሪፍ ድረስ መጥታ ነበር። ገዳሪፍ ማለት ከዚህ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር ነው! ተፈናቃይ የሰፈረበት ትምህርት ቤት ውስጥ ኮሌራ ገባ። ዋሲላና ኢሕሳን አንድ ምንጣፍ ላይ ነበር የሚተኙት። ውሃ ያጠጣቻት፣ የገነዘቻትም ዋሲላ ናት።

ዘሀቢያ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። አላለቀሰችም። ወደ ዚሩ ሄዳ በጣሳ ውሃ ቀዳች፣ አምጥታ ለልጅቱ ሰጠች፤ ጠጥታ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ኢሳ፣ በርህን ቀባ።»

«ቆይ እስኪ አሁን…»

«ቀባው ብየሃለሁ። የሚመጣ የለም።»

ምን ልበል? ቀለሙን ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁት። ዋሲላ ምን ላደርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በአረብኛ ነገርኳት። ዘላ እጄን ያዘችኝ። «አይሆንም አጎቴ፣ ተው!» አለች። ኢሕሳን ይህን መንገድ እዚያ ክፍል ላሉት ሴቶች ሁሉ አስጠንታቸዋለች። የአገሩ ሰው እንዲረዳችሁ በአማርኛ በሉት ትላቸው ነበር፤ ሲሳሳቱ ትቆጣቸዋለች። «እኔ ባልደርስ እናንተ ሂዱ፣ እናቴ አለች» ብላቸዋለች። «ሌሎቹም ይመጣሉ» አለች ዋሲላ። «እነሱ የሚያውቁት አረንጓዴ ነው።»

ዘሀቢያ ያኔ ተሰበረች። በሬን ተደግፋ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። «ልጄ፣ ቤቴን ለሰው ሁሉ አሳይተሽ አንች የት ቀረሽ?» እያለች አለቀሰች። ስመኝ አቀፈቻት። እኔ ሽማግሌው፣ ደንበኛ ፊት፣ እንደ ልጅ አነባሁ።

ቀለሙ ጣሳው ውስጥ ደርቋል። ዋሲላ ከዘሀቢያ ጋር ትኖራለች፤ አማርኛዋም እየተሻለ ነው። ከሌሎቹ እስካሁን የመጣ የለም። ዘሀቢያ ጠዋት ጠዋት ዚሩን ትሞላለች። እኔም የማላውቀው ሰው በሬ ላይ ሲቆም፣ ባልቆጣም፣ እጮህበታለሁ።