ዓርብ የማይተኮስበት አደን

አባቴ ኮምፒውተር አይወድም ነበር። ሰው ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ መቀመጥ ሲችል ለምን ወደ ሳጥን ያዞራል ይል ነበር። ይህን ማለት የጀመረው ደግሞ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ይዞ ከሾፌርነቱ ካስቀረው በኋላ ነው። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሸጎሌ የሚነዱትን በጎች ሲያይ ይውላል። አንዱን "ይሄ ታሟል" ይላል፣ ሌላውን "ይሄ የቆላ ነው" ይላል። የጠየቀው የለም።

አባቴ የሙገር ሰው ነው። ከተማ ገብቶ መሪ ከመጨበጡ በፊት አዳኝ ነበር፤ በረሃ ወርዶ ድኩላና ሚዳቋ ሲከተል ነው የጎለመሰው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ጠመንጃው የለም፣ አደኑም ተከልክሏል። የደረሰኝ ወሬው ብቻ ነው። "አንድ ቀን ወስጄ ቦታውን አሳይሃለሁ" ይለኝ ነበር፤ ድኩላው ውሃ የሚጠጣበትን ምንጭ፣ እሱ የሚያደባበትን ዋርካ። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይመጣል። ሥራ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ክረምት ይገባል። በመጨረሻ እግሩ እምቢ አለ። ሙገር እኮ ሩቅ አገር አይደለም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የአደኑን ጨዋታ ያመጣሁት ለራሴ ነበር። ዊንጌት አካባቢ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ስፈታና ስገጥም ውዬ ቤት ስገባ ጫካ ማየት ያምረኛል። ጨዋታው እንደሌሎቹ ሩምታ የለበትም። ዱካ እያየህ ትሄዳለህ፣ ታደባለህ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳታገኝ ትመለሳለህ። አንድ ጓደኛዬ ሞክሮት "ይሄማ ሥራ ነው" ብሎ ተወው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጫወት ከኋላዬ "ነፋሱ ወዴት ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ መልሶ ስክሪኑን ያያል። ጥግ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ነበር፤ አሳየሁት።

"ከጀርባህ ነዋ የሚነፍሰው" አለኝ። "ጠረንህ ደርሶታል። በቃ፣ ሄዷል።"

አፉን ሳይዘጋ ከዛፎቹ መሀል አንድ አጋዘን ብድግ ብሎ ተፈተለከ። አባቴ በደህናው በኩል ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ከእኔ ኋላ፣ በስተቀኝ ሆነ። በግራ እጁ ትከሻዬን ይይዛል። አውሬ ሲታይ በቃል አያዝም፤ ትከሻዬን ከተጫነኝ ቆይ ማለት ነው፣ እጁን ካነሣ ተኩስ ማለት ነው። ዓይኑ ምንም አያመልጠውም። የአውሬውን በጠጥ እንኳ መሬት ላይ ሠርተው ማስቀመጣቸውን ሲያይ "እነዚህ ሰዎች አደን ያውቃሉ" ብሎ መሰከረላቸው። ዱካው እያበራ መታየቱን ግን አልወደደላቸውም። ዱካ አያበራም፤ ጎንበስ ብለህ ነው የምታየው አለ።

እናቴ ከማድ ቤት "ምሳ ቀርቧል" ብላ ስትጣራ እጁን አንሥቶ ዝም እንድትል ያመለክታታል።

"ኮምፒውተር ውስጥ ያለ አውሬ ደግሞ የኔን ድምፅ ሊሰማ ነው?" ትላለች።

"ቀስ በይ አንቺ፣ ጆሮውን አቁሟል" ይላታል በሹክሹክታ።

መጀመሪያ የጣልኩ ዕለት ተዝናንቼ ወደ ወደቀው አጋዘን መራመድ ጀመርኩ። ጨዋታው ላይ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ የሞተ ሞቷል፣ ቀስ ብለህ ሄደህ ታነሣዋለህ። አባቴ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ሩጥ! ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበት እንጂ። በክት ልታደርገው ነው?"

ሳይባረክ የሞተ እንስሳ በእኛ ቤት አይበላም። ጨዋታው ቢላ የለውም ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሮጥኩ። ስደርስ እሱ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለ፣ እኔ የማንሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልሮጥ ቀርቼ አላውቅም።

እናቴ በሁለታችንም ትስቅብን ነበር፤ በዚህ ነገር ግን እሷ ትብሳለች። ሙገር ሳሉ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሆና፣ አባቴ ሥጋ ተሸክሞ ሲገባ "ደርሰህበታል?" ሳትል ድስት አትጥድም ነበር። አንድ ጊዜ ሚዳቋ መትቶ ገደሉን ወርዶ እስኪደርስ ሞታ ጠበቀችው። ለጅብ ትቶ ባዶ እጁን ገባ። "ያን ቀን ሽሮ በላን" ይላል ይህን ታሪክ በጨረሰ ቁጥር፤ እናቴም "ሽሮው ምን ሆነ?" ትለዋለች።

ሌላም ሕግ ነበረው። ረቡዕና ዓርብ አይተኮስም። ዱካ ማየት ይቻላል፣ ማድባትም ይቻላል፤ መግደል ግን የለም፣ ማን ሊበላው? በሁዳዴማ ጾሙን ሙሉ ጫካውን ስንዞር ከርመን አጋዘኖቹ ሳይለምዱን አልቀሩም።

አንድ ትልቅ አጋዘን ነበር፣ ቀንዱ ቅርንጫፍ የበዛበት፣ "ሽማግሌው" የምንለው። ለወራት ተከተልነው። ዱካውን እናገኛለን፣ እሱን አናገኘውም። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ነፋሱ ወደ እኛ እየነፈሰ፣ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ትንፋሼን ያዝኩ። የአባቴ እጅ ተጫነኝ።

"ዓርብ ነው" አለኝ።

"አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"ጨዋታም ቢሆን ዓርብ ዓርብ ነው። ቦታውን አውቀናል፤ ነገ እንመጣለን።"

እያጉረመረምኩ ጨዋታውን ባለበት አስቀምጬ ዘጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሆስፒታል ትንሽ ቆይቶ አረፈ።

ወንበሩ ባለበት ቀረ። ማንም አልተቀመጠበትም፣ ልብስ እንኳ አልተጣለበትም፤ እናቴ ስትጠርግ አንሥታ ትጠርግና መልሳ እዚያው ታኖረዋለች። ኮምፒውተሩንም አልከፈትኩትም። ሰው ሲናፍቅ ድምፁ ይናፍቃል ይላሉ። እኔን የናፈቀኝ የእጁ ክብደት ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ትከሻዬን ሲደገፍ ዞር ብዬ አያለሁ። ሽማግሌው ከወንዙ ማዶ እንደቆመ ነው። እሱን ከገደልኩ ከአባቴ ጋር የጀመርኩት አደን አለቀ ማለት ነው። ካልገደልኩት ገና "ነገ እንመጣለን" እንዳለኝ ነኝ፤ እንዲህ ሆኖ መኖር ደግሞ ደስ ይል ነበር።

ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ ግን ሙገር ትዝ አለኝ። ነገ፣ ነገ ሲባል ምን እንደሚሆን ከዚያ በላይ የሚያስተምረኝ የለም። አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

ወንዙ አለ። ነፋሱ እንደ ያኔው ወደ እኔ ነው። ሽማግሌው ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፣ ቀን እንዳልመሸ፣ ሰው እንዳልሞተ። አነጣጠርኩና ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ አውቃለሁ፤ የሚነሣ እጅ ነው የምጠብቀው፣ ትከሻዬ ላይ ግን ምንም የለም። አጋዘኑ ጆሮውን አቆመ። ሊሄድ ነው። አባዬ፣ ቅዳሜ ነው አልኩና ተኮስኩ።

እዚያው ማዶ ወደቀ። ሮጥኩ። ውሃው ውስጥ የጨዋታው ሰውዬ ቀስ ይላል፣ ጣቴን ከመሮጫው ቁልፍ አላነሣም፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ማዶውን በደንብ አላይም። ደረስኩ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አልኩ፤ ይቺን ሁልጊዜ የሚላት እሱ ነበር፣ ከኔ አፍ ስትወጣ ድምፄ ተሰበረ።

በረንዳው ላይ የምስሩ ድምፅ ቆመ።

"ደርሰህበታል?" አለችኝ እናቴ።

"ደርሼበታለሁ፣ እማዬ።"

ሰፌዷን እንደያዘች ገባች። ከኋላዬ፣ በስተቀኝ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"የታለ?" አለችኝ። "እስቲ አሳየኝ።"