ሽማግሌዎቹ የሄዱባት ዳትሰን

ማንም ሳያስተምረኝ መኪና መንዳት የቻልሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የጎረቤት ፊያት አልነሳ ባለ ቁጥር ስገፋ ቆይቼ፣ አንድ ቀን መሪው ላይ ተቀመጥሁ፤ በቃ። እንግሊዝኛም ቢሆን በራሴ ነው የለመድሁት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓርኪንግ የሠሩ ያገሬ ልጆች ስሜን ያውቃሉ፤ የማያውቅ ካለ ሥራውን በቅርቡ የጀመረ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት በር ነበር፤ ሥራው የደንበኞችን መኪና ተቀብሎ ማቆም ነው። አለቃዬ አርመናዊ ነው። ቀይ ጃኬት አለበሰኝና ማንዋል ስፖርት መኪና ሰጠኝ፤ ሌሎቹ የለመዱት አውቶማቲክ ብቻ ነበር። በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ አስገባሁት። ከዚያ በሩን ከፍቶ ለመውጣት ቀጭን ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ቀጭን ነበርሁ።

«ጥሩ» አለ አለቃዬ። «አሁን ደንቡን ስማ። መርሰዲስና ጃጓር ከፊት፣ በሩ ላይ። አሮጌ ነገር ከኋላ፣ ከቆሻሻው ገንዳ ጎን።»

«ቀድሞ የመጣውስ?»

«ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይበላል።»

ይህ ደንብ ከእኛ በር አልፎ ሄደ። ፌርፋክስ መንገድ ባሉት ያገር ቤት ምግብ ቤቶች እራት የሚበሉ ያገሬ ልጆች የመኪና ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ የመኪናው ምልክት ወደ ላይ ዞሮ። «እንዴት ነህ?» ከሚለው ቀጥሎ «ምን ገዛህ?» መጣ። እኔም ለመተኛት ጋደም ስል በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ በሞተሩ ድምፅ እለይ ነበር። ማረፍ አልቻልሁም።

ግርማ ያሠለጠንሁት ልጅ ነው። ሰናይት የምትባል ልጅ ወደደ፤ አባቷ አቶ ዘለቀ ግሌንዴል ይኖራሉ። ሽማግሌ ሆኜ እንድጠይቅለት ለመነኝ፤ ሌላ ማን ይሄድለታል? ቀጥሎ ግን በሩ ላይ ከፊት የቆሙትን መኪኖች በጣቱ አሳየኝ።

«ጋሼ ታዬ፣ የዚያ ነጭ መርሰዲስ ባለቤት እዚህ ትቶት ሄዷል፤ እስከ ሰኞ አይመጣም። ድራይቭ አድርገውና ሂዱበት። ፋዘሯ መጀመሪያ በመስኮት ነው የሚያየው።»

«በሰው መኪና ሄጄ የሰው ልጅ አልጠይቅም።»

«ሶ፣ በዚያች አሮጌ ዳትሰንህ ልትሄድ ነው? ሰናይትን አጣኋት በለኛ!»

«የሚነዳት ማን እንደሆነ ረሳኸው?»

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄድሁ። እንደ ወጉ ሳንቀመጥ፣ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። አገር ቤት ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» ነው። አቶ ዘለቀ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ውጭ አዩና «ልጁ ምን ይነዳል?» አሉ።

«የሰው ሁሉ መኪና ይነዳል፤ አንዱንም ጭሮ አያውቅም» አልኋቸው።

ባለቤታቸው ከጓዳ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን የምትድራት ለሰው ነው ለጎማ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ዘለቀ አልሳቁም፤ «እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብለው ሸኙን።

ግርማ እህል አልወርድ አለው። የደንበኛ ቁልፍ ይዞ የማንን መኪና ሊያመጣ እንደሄደ ይረሳል። መርሰዲሱን እንደገና ጠየቀኝ፤ እንደገና እምቢ አልሁት።

በሁለተኛው ጉዟችን ዳትሰኗ የግሌንዴልን ዳገት ስትወጣ ጋለች፤ አቶ ዘለቀ ደጅ ስትደርስ በእንፋሎት ተሸፍናለች። እሳቸው መስኮቱ ላይ ነበሩ። ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ወደ ራዲያተሩ ስሰድ ባልዲ ውሃ ይዘው ሮጠው ወጡ።

«አቶ ታዬ፣ ክዳኑን አይንኩት፣ ይፈጅዎታል!»

እስክትበርድ ኮፈኑ እንደተከፈተ ጎን ለጎን ቆምን። ሁለት ሰው አንድ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ዝም አይባባልም።

«ለመሆኑ» አሉ ራዲያተሩን እያዩ፣ «የማን ልጅ ነው?»

አባቱን፣ እናቱን፣ ያደገበትን ሰፈር ነገርኋቸው። አጎቱን ያውቁት ኖሯል። የባልዲው ውሃ ሳያልቅ ልጅቷ ተፈቀደች።

ዳትሰኗ የጋለችው በአጋጣሚ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ።

ለወጣቶች የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌነት ስትላኩ በራሳችሁ መኪና ሂዱ።

በሥራ ዘመኔ ያደረግሁት ይኸው። በማንም መኪና ላይ ጭረት አላሳረፍሁም። በቀይ ጃኬት ጀምሬ የአለቃዬን ወንበር ያዝሁ። ከቫን ናይስ ድረስ እየመጡ ከእኔ የተማሩትን ልጆች ሥራ አስያዝሁ። ግርማን ዳርሁ። አቶ ዘለቀን ከመስኮቱ አስነሳሁ።