ቃለ ጉባኤው ይነበብ

በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ላይ ነው። ካድሬያችን የካፒታሊዝምን ብልሹነት ላሳያችሁ ብሎ፣ የአሜሪካን ቁማር ቤቶች እንደ ላም ስለሚያልብ አንድ የማፊያ አለቃ የሚተርክ ፊልም በቀበሌው አዳራሽ አሳየን። ሲያልቅ እንደተለመደው ውይይት ሆነ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ።

“ከፊልሙ ምን ተማራችሁ?” አለ ካድሬው።

ጎረቤቴ ሼህ ይማም ተነሡ። “ወላሂ፣ አለቃቸው ገርሞኛል! ሥራ ሳይሠራ ከሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለታል። ቀና ብሎ ያየውን ሰው ደግሞ በማግስቱ አታዩትም።”

ይህንኑ ጽፌ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገባ። ሁላችንም ብድግ አልን።

“ስለ ማን ነው የምታወሩት? አንብበው!” አለኝ።

ላብ እያጠመቀኝ አንድም ቃል ሳላስቀር አነበብኩለት።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። “እንዲህ ያለ ወንበዴ እኔ ቀበሌ ቢኖር ኖሮ፣ በማግስቱ አታዩትም ነበር!”