የሞጣው ጃንጥላ

በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ኮሌጅ ስማር የቡድናችን አጥቂ ነበርኩ። አንድ ቀን ጨዋታ ላይ ጉልበቴ ዞሮ ወደቅኩና ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ፤ ከእንግዲህ ኳስ የለም። ለእረፍት ቢቸና ስገባ ግን እናቴን "ትንሽ ወለምታ ነው" አልኳት። እሷንም አብሬ ላሳዝን አልፈለግኩም።

ብዙም አልጠየቀችኝ። ጉልበቴን በቅቤ እያሸች፣ አጥንቱን በጣቷ እየዳሰሰች ሰነበተችና አንድ ምሽት "ነገ ሞጣ ለንግሥ እንሄዳለን፤ ስለት አለብኝ" አለችኝ።

በማግስቱ በጭነት መኪና ስንጓዝ እቅፏ ውስጥ አዲስ ባለዘርፍ ጃንጥላ አየሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ከዘራዬ ላይ አረፈ። ስለት የሚገባው ከደረሰ በኋላ ነው። "ልጄ ድኖልኛል" ብላ ልታስገባ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ ከዘራ መቆም አልችልም።

"እማ፣ እግሬ እኮ ገና ነው። ለከርሞ ብናደርገውስ?" አልኳት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ።

"ዝም ብለህ ቁም" አለችኝ።

ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው ዘረጉት። ያ ሁሉ ሕዝብ እግሬን የሚያይ መሰለኝ። በታቦት ፊት ልንዋሽ ነው እያልኩ ከዘራዬን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

"ወይዘሮ ውዴ ከቢቸና" አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ልጄን ኳስ ካስተውክልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብለው አምና ተስለው ነበር። ስለታቸው ሰምሮላቸዋል።"

እልልታው ቀለጠ። በአንድ እጇ ደግፋ እንደያዘችኝ፣ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እናቴ ናት።