ሳይላጥለት የማይበላው ጦጣ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ልጣጭ» ይላታል። በጦጣ ማርቢያው ወጥ ቤት ፍራፍሬ ስትከትፍ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፤ ቤቷ ስትገባ እንኳ ከሻርፗ ላይ የሙዝ ልጣጭ አይጠፋም።

ጦጣዎቹ ከመዳፍ እምብዛም አይበልጡም፤ ጢማቸው ነጭ፣ ኩራታቸው የሽማግሌ ነው። ደኑ ተመንጥሮ ዘራቸው ሊጠፋ ሲል ተሰብስበው እዚህ ተዋለዱ። አሁን ዛፉ መልሶ ስለበቀለ በየተራ ይለቀቃሉ። ታዲያ ራሱን መመገብ ያልቻለ አይለቀቅም፤ እንደታጠረ ያረጃል።

እናቱ የሞተችበትን አንዱን፣ ቀበጡን፣ እትዬ ወተት በጠብታ እያጠባች አሳደገችው። ሳይላጥለት አይበላም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ትልና ተደብቃ ትልጥለታለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ደረሰችባት። «እትዬ፣ በእርስዎ ቤት መውደድዎ ነው! እኩዮቹ እኮ ይኼኔ ዛፍ ላይ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ፍሬው ሳይላጥ ግንድ ውስጥ ይደበቅ። ደባቂዋም እርስዎ ነዎት!»

ደበቀች። ቀበጡ ግን ግንዱን ትቶ እሷን ያያል፤ በዓይኗ ሰረቅ ወዳደረገችበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሐኪሟ በሳቅ ፈረሰች።

«ዓይንዎ እኮ ያሳብቃል! ጀርባዎን ይስጡት።»

ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ምሳ ይዞላት የመጣው ባሏ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ስትቁነጠነጥ ቢያያት የኳስ ጨዋታ እንደሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ይተርክላት ጀመር።

«ወደ ግራ ሄደ... አለፈው! ተመለሰ... እጁን ከተተ!»

«አወጣ?»

«ሳተ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልቤን አታውልቀው!»

«እኔ ምን ላድርግ? ልጅሽ እንዳንቺው ችኩል ነው።»

ቀበጡ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቅጠል እየበጠሰ ጀርባዋ ላይ ወረወረባት። ራብ ሲጠናበት ግን እየፈለገ መብላት ያዘ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ለትረካው በየዕለቱ መምጣት የያዘው ባሏ በወሬው መሃል ጸጥ አለ።

«ምን ሆነ? ተናገር እንጂ!»

«ቅርፊት ገነጠለ... ፌንጣ! ፌንጣ ያዘ!»

«ምን ፌንጣ? እኔ ፌንጣ አልደበቅሁም።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ሐኪሟ ከሽቦ አጥሩ ወዲያ አጨበጨበች። «እትዬ፣ በዚህ ሳምንት ይሄዳል!»

ያኔ ዞረች። ቀበጡ አፉን ሞልቶ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎም አላያት። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ባሏ ዞር አለች።

«አየኸው ይሄን ስግብግብ? ቅመሺ እንኳ አይልም!»